በአሜሪካ የገበሬዎች ገበያ የቤተሰብ ምግብ መደብ እንዴት ይቆማል፣ እንዴትስ ይተዳደራል

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በአሜሪካ ከተሞች ቅዳሜ ወይም እሁድ ጠዋት በሚቆመው የገበሬዎች ገበያ፣ ብዙዎቻችን ፋርመርስ ማርኬት በምንለው፣ ከትዳር አጋራቸው፣ ከልጆቻቸውና ምናልባትም ከእናታቸው ጋር ሆነው የሀገራችንን ምግብ ለመሸጥ ላሰቡ ሰዎች ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያው፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስና በዴንቨር በርካታ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ምግብ ቤት ለመክፈት የሚጠየቀው ኪራይ፣ የዕቃ ወጪና የረጅም ጊዜ ውል ግን ከአብዛኛው ቤተሰብ አቅም በላይ ስለሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን 10 ጫማ በ10 ጫማ በሆነ ድንኳን ሥር መጀመር የተሻለ መግቢያ ነው። እንዲህ ያለ መደብ ሲዘጋ ሰው ሁሉ ገዢ አጥቶ ነው ብሎ ያስባል። በእኔ እምነት ግን ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው ወረፋ እያለው ነው፤ የእናት፣ የአባትና የልጆች ጉልበት በሒሳቡ ውስጥ ሳይገባ ይቀርና ቤተሰቡ ይደክማል፣ ገንዘቡም የት እንደገባ ሳይታወቅ ይቀራል። ስለ ፈቃድ፣ ስለ ምግብ ዝርዝርና ስለ ንጽሕና ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በመጨረሻ ወደዚሁ የጉልበትና የሒሳብ ጉዳይ የሚመለስ ነው።

ገበያውን መምረጥ

በሜሪላንድ የታኮማ ፓርክ ገበያ ከ1983 እ.ኤ.አ.፣ በዋሽንግተን የዱፖንት ሰርክል ገበያ ደግሞ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እሁድ እሁድ የሚቆሙ ናቸው። እንዲህ ያሉ ነባር ገበያዎች በመሠረቱ የተቋቋሙት ገበሬው ያመረተውን በራሱ እጅ እንዲሸጥ ስለሆነ፣ የተዘጋጀ ምግብ ለሚሸጡ ነጋዴዎች የሚሰጡት ቦታ ውስን ነው፤ አስተዳዳሪውም አመልካቹን ሲመዝን ተመሳሳይ ምግብ የሚሸጥ ሌላ ሰው አለ ወይ፣ አትክልቱንስ ከአካባቢው ገበሬ ይገዛል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ድንች፣ ፎሶሊያ፣ ቃሪያና ቲማቲም ከጎናችን ከቆመው ገበሬ መኪና ላይ የሚወርዱ ነገሮች ናቸውና፣ በማመልከቻው ላይ የትኛውን አትክልት ከየትኛው እርሻ ለመግዛት እንዳሰቡ በግልጽ ቢጽፉ ከብዙዎቹ አመልካቾች ይልቅ ለገበያው ዓላማ የቀረቡ ሆነው ይታያሉ።

በጸደይ ለሚከፈት ገበያ ማመልከቻ የሚቀበሉት በአብዛኛው በክረምት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ስለሆነ፣ በሚያዝያ ሄዶ ቦታ መጠየቅ ዓመቱን ማለፍ ማለት ነው። ከማመልከትዎ በፊት ገበያውን እንደ ገዢ ሆነው ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው ቆመው ይመልከቱ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተከፍቶ በ7 ሰዓት የሚዘጋ ገበያ ላይ ሰው ምሳ መብላት የሚጀምረው 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚመጣው ቡናና ቁርስ ፈላጊ ወይም አትክልት ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚሮጥ ሰው ነው። እንዲህ ባለው ገበያ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ፍርፍር ወይም ጨጨብሳ ማቅረብ፣ ወይም የታሸገ እንጀራና በበረዶ የተቀመጠ ቀዝቃዛ ወጥ ወደ ቤት ለሚወስዱ ሰዎች ማዘጋጀት ካልታሰበ፣ ግማሹ ቀን በመቆም ያልፋል።

ኪራዩ በቁርጥ ዋጋ ወይም ከሽያጩ በመቶኛ ሊሆን ይችላል። ለጀማሪ በመቶኛ የሚከፈለው ይሻላል፤ ዝናብ በጣለበት ቀን ኪሳራውን ገበያውም አብሮ ይካፈላልና።

ፈቃድ

ከሦስት አቅጣጫ የሚመጣ ፈቃድ አለ፦ ከገበያው አስተዳደር፣ ከካውንቲው ወይም ከከተማው የጤና ቢሮ እንዲሁም ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት። ሰዎችን በጣም የሚያሳስታቸው የቤት ውስጥ ምግብ ዝግጅትን የሚመለከተው ሕግ ነው። እያንዳንዱ ግዛት በቤት ወጥ ቤት ተሠርቶ ሊሸጥ የሚችለውን ምግብ የሚወስን የራሱ ሕግ አለው፤ በአብዛኛው የሚፈቀደው ያለ ማቀዝቀዣ የማይበላሽ ነገር፣ ማለትም እንደ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎና ደረቅ ቅመም ያለው ነው። ምስር ወጥ፣ ሽሮና ሥጋ በአብዛኛው ግዛት በዚህ ሕግ አይሸፈኑም። እንጀራን በተመለከተ የየቢሮው አያያዝ ሊለያይ ስለሚችል፣ በስልክ የተሰጠ መልስ ይዘው ሥራ አይጀምሩ፤ ጥያቄውን በኢሜይል ጽፈው መልሱን በጽሑፍ ያስቀምጡ።

ወጥ ለመሸጥ ፈቃድ ያለው የንግድ ወጥ ቤት ያስፈልጋል። በሰዓት የሚከራዩ ወጥ ቤቶች አሉ፤ ነገር ግን አስቀድሞ ቢጠየቁ የሚጠቅሙት የጤና ቢሮ ፈቃድ ያለው ወጥ ቤት ያላቸው አብያተ ክርስቲያናትና ሰኞ ወይም ማክሰኞ የሚዘጉ የወገን ምግብ ቤቶች ናቸው። ሲመርጡ ከቦታው ስፋት በፊት ኤሌክትሪኩን ይጠይቁ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 1500 ዋት የሚስብ ከሆነ በ120 ቮልት መስመር ላይ ከ12 አምፔር በላይ ይወስዳል፤ ሁለት ምጣድ በአንድ የ15 አምፔር መስመር ላይ ቢሰኩ መብራቱ ይጠፋል፣ ሊጡም ሳይጋገር ያድራል። ለእያንዳንዱ ምጣድ የተለየ መስመር መኖሩን በዓይንዎ አይተው፣ አንድ ጊዜ ሞክረው ይፈርሙ።

በአብዛኛው ቦታ ከቤተሰቡ ቢያንስ አንድ ሰው የምግብ ደኅንነት ፈተና አልፎ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ይጠየቃል። ገበያዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚሸፍን የኃላፊነት ኢንሹራንስ ይፈልጋሉ፤ የገበያው ስም በኢንሹራንሱ ወረቀት ላይ እንዲጨመርም ያዛሉ። የግብር መለያ ቁጥር የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ከሆነው ከአይአርኤስ በነጻ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ለዚያ ክፍያ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ላይ ገንዘብ አያውጡ።

ምን ይሸጣል

አምስት ዓይነት ይበቃል። እንግዳ በቤታችን ሲመጣ መሶቡን መሙላት ባህላችን ስለሆነ ይህን መቀበል ይከብዳል፤ ሆኖም በመደብ ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ወጥ አንድ ተጨማሪ ድስት፣ አንድ ተጨማሪ ጭልፋ፣ አንድ ተጨማሪ የሙቀት መዝገብና ለገዢው አንድ ተጨማሪ የማመንታት ደቂቃ ነው። ምስር ወጥ፣ አተር ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ከሁለቱ አንዱ ማለትም ጥቅል ጎመን ወይም ቀይ ሥር፣ በሙቀት ወራት ደግሞ በቀዝቃዛው የሚበላ አዚፋ ቢዘጋጅ፣ ቀዩም አልጫውም አረንጓዴውም ተሟልቶ ሰሃኑ ያምራል። ሁሉም የጾም በመሆናቸው ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚርቁ አሜሪካውያንን ይስባሉ፤ በነሐሴ የፍልሰታ ጾም ገበያው ደርቶ አትክልቱ በተትረፈረፈበት ወቅት ስለሚውል፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ወገኖችንም ያመጣል። ነገር ግን የጾም ምግብና እነርሱ የሚሉት ከእንስሳት የጸዳ ምግብ በሁሉም ነገር አንድ አይደሉም፦ በእኛ ዘንድ ማርና ለአንዳንዱ ሰው ዓሣ በጾም ሊፈቀድ ይችላል፣ በእነርሱ ዘንድ ግን ሁለቱም የተከለከሉ ናቸው። ስለዚህ ብርዝ ካቀረቡ ማር እንዳለበት ይጻፉ።

ሥጋ መጨመር ከፈለጉ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ይሁን። ሳምቡሳ ፈጥኖ የሚሸጥና በእጅ የሚያዝ ነው፤ በገበያው ላይ መጥበስ ግን በፈላ ዘይት መሥራት ማለት ስለሆነ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ለዘይት እሳት የተሠራውንና ኬ ተብሎ የሚመደበውን ማጥፊያ ይጠይቃል፤ ከተራው ማጥፊያ የሚለይ መሆኑን ልብ ይበሉ።

እንጀራው የሚጋገረው በዋዜማው ነው። ሊጡ ሦስት ቀን ያህል እንዲቦካ ለቅዳሜ ገበያ ማክሰኞ ማታ ወይም ረቡዕ ጠዋት መቦካት አለበት፤ አብሲቱም ከመጋገሩ በፊት በሰዓቱ እንዲገባ ወጥ ቤቱን የተከራዩበትን ሰዓት ከሊጡ ጋር ያስማሙ። አንድ እንጀራ ከነማሰፋቱ 3 ደቂቃ ያህል ከወሰደ አንድ ምጣድ በሰዓት 20 ያህል ያወጣል፤ ለ60 ሰሃን አንድ ተኩል እንጀራ ቢታሰብ 90 እንጀራ፣ በሁለት ምጣድ ከሁለት ሰዓት በላይ የሆነ ሥራ ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ የተደራረበ እንጀራ ይጣበቃል፤ በገበያው ላይ ደግሞ ፀሐይና ንፋስ ሲያገኘው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጠርዙ ይደርቃል። ስለዚህ ለቀጣዩ ግማሽ ሰዓት የሚበቃውን ብቻ አውጥተው የቀረውን በክዳን ያቆዩ። ሰው ቆሞ ወይም ሣር ላይ ተቀምጦ ስለሚበላ ወጡን እንጀራው ላይ አያፍስሱት፤ ወጦቹን በማሸጊያው ውስጥ ጎን ለጎን አድርገው፣ እንጀራውን በአንድ እጅ ስፋት ቆርጠውና ጠቅልለው በዳር ቢያስቀምጡ አይርስም፣ እንዴት እንደሚበላ የማያውቅ ሰውም ጥቅሉን አይቶ ይገባዋል።

ሙቀትና ንጽሕና

በዚህ ክፍል ላይ ቸልተኛ መሆን ሰው ሊያሳምም ስለሚችል ዝርዝሩን በትዕግሥት ይከተሉ። ግዛቶች ሕጋቸውን የሚመሠርቱበት የፌዴራሉ የምግብ ደንብ ትኩስ ምግብ ከ135 ዲግሪ ፋራናይት (57 ሴንቲግሬድ) በላይ፣ ቀዝቃዛ ምግብ ደግሞ ከ41 ዲግሪ ፋራናይት (5 ሴንቲግሬድ) በታች እንዲቆይ ያዛል። በመካከላቸው ያለው ሙቀት ጀርም የሚራባበት ነው።

የእኛ ወጥ ልዩ ችግር ወፍራም መሆኑ ነው። ዓርብ የተሠራ ምስር ወጥ በትልቅ ድስት ውስጥ እንዳለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢገባ ላዩ ቀዝቅዞ መሐሉ ለረጅም ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ መፍላትን ተቋቁሞ የሚያልፍና በእንዲህ ያለው ወፍራምና ቀስ ብሎ በሚቀዘቅዝ ምግብ ውስጥ የሚራባ ነው። ደንቡ ምግቡ ከ135 ወደ 70 ዲግሪ በሁለት ሰዓት፣ ከ70 ወደ 41 ደግሞ በቀጣዩ አራት ሰዓት ውስጥ እንዲወርድ ይጠይቃል። ይህንን ለማሳካት ወጡን ከ2 ኢንች በማይበልጥ ጥልቀት በዝርግ ትሪ ገልብጠው፣ ትሪውን በበረዶ ውሃ ላይ አስቀምጠው እያማሰሉ፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ ያቀዝቅዙት። ቅዳሜ ጠዋት ሲያሞቁት በሁለት ሰዓት ውስጥ እስከ 165 ዲግሪ (74 ሴንቲግሬድ) መድረስ አለበት። የእንፋሎት ማቆያው ትኩስ ምግብን ትኩስ አድርጎ ለማቆየት እንጂ ቀዝቃዛን ለማሞቅ የተሠራ ስላልሆነ፣ የማሞቁ ሥራ በወጥ ቤቱ ምድጃ አልቆ ወጡ በሙቀት ጠባቂ ሣጥን ተጭኖ ይሂድ። በትንንሽ የቆርቆሮ እሳት የሚሞቁ ትሪዎች ለሠርግ አዳራሽ እንጂ ለሜዳ አይሆኑም፤ ንፋሱ እሳቱን ሲያርገበግበው ወጡ ሳይታወቅ ይበርዳል።

መርፌ ያለው ቴርሞሜትር ይግዙ፤ በረዶ በበዛበት ውሃ ውስጥ ሲነከር 32 ዲግሪ ማሳየቱን በየገበያው ቀን ጠዋት ይፈትሹ። በየሰዓቱ የእያንዳንዱን ወጥ ሙቀት ለክቶ በወረቀት ላይ መጻፍ የአንድ ሰው፣ ቢቻል የአንድ ጎረምሳ ልጅ ሥራ ይሁን። ሽሮ የጨመሩ ከሆነ እየቆየ ስለሚወፍር ማቅጠኛው የፈላ ውሃ ይሁን፤ በቀዝቃዛ ውሃ ከቀጠነ ሙቀቱ ይወድቃል።

የእጅ መታጠቢያው ምግብ ከመውጣቱ በፊት ተዘጋጅቶ መቆም አለበት። ቧንቧው ተከፍቶ የሚቆይ፣ በእጅ ሳይጫኑት ውሃው የሚፈስስ 5 ጋሎን ያህል የሚይዝ የውሃ ዕቃ፣ ከሥሩ ቆሻሻውን የሚቀበል ባልዲ፣ ሳሙናና የወረቀት ፎጣ ይበቃል። ዕቃ ለማጠብ ደግሞ አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ለማለቅለቂያ፣ ሦስተኛው ለጀርም ማጥፊያ የሚሆኑ ሦስት ሳፋዎች ይዘጋጁ፤ በሦስተኛው የሚጨመረው በረኪና ከ50 እስከ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ከ50 እስከ 100 እጅ) መሆኑን በመፈተሻ ወረቀቱ ይለኩ። ለመበላት የተዘጋጀ ምግብ በባዶ እጅ አይነካም። የጉርሻ ፍቅር ለቤታችን ይቆይ፤ በመደብ ላይ ጓንት ወይም መቆንጠጫ ነው።

ስለ አለርጂ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ መልሱ ትክክለኛ መሆን አለበት። በአሜሪካ ሕግ ዋና የአለርጂ ምክንያት ተብለው የተቆጠሩት ዘጠኝ ናቸው፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳት፣ እንደ አልሞንድ ያሉ የዛፍ ለውዞች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና ከጥር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጨመረው ሰሊጥ። ገብስ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለው ፕሮቲን ግን አለበት። በአሜሪካ የምንጋግረው እንጀራ ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ስለሚቀላቀልበት፣ ጤፍ ነው ብሎ በደፈናው ግሉተን የለውም ማለት ሴሊያክ የሚባለው፣ ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ ያለበትን ሰው ማሳመም ነው። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ የሚጋግር ሰው እንኳ እርሾው ከተቀላቀለ ሊጥ የተረፈ ከሆነ ወይም በዚያው ምጣድና በዚያው ሳፋ ሌላ ሊጥ የሚያዘጋጅ ከሆነ ያንን ቃል መናገር የለበትም፤ ሕጉ ግሉተን የለውም ለሚባል ምግብ ያስቀመጠው ልክ ከ20 ፒፒኤም በታች ነው። የማያውቁትን አላውቅም ማለት አንድ ሰሃን ያስቀር ይሆናል፤ ያ ሰው ግን ስለ ታማኝነትዎ ለሌላው ይናገራል።

የድንኳኑ አሠራር

ከንፋስ የሚመጣ አደጋ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። ብዙ ገበያዎች በእያንዳንዱ የድንኳን እግር ቢያንስ 24 ፓውንድ ክብደት እንዲታሰር ያዛሉ፤ ትኩስ ወጥና ጋዝ ያለበት ድንኳን ግን በእያንዳንዱ እግር 40 ፓውንድ ቢኖረው ይሻላል። ክብደቱ ከእግሩ ጋር ተጣብቆ ይታሰር፤ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ድንጋይ ልጅ ይመታል። የፕሮፔን ሲሊንደር ቀጥ ብሎ ቆሞና ታስሮ ይቀመጥ፤ ከመለኮሱ በፊት በመገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀብተው ይመልከቱ፤ አረፋው የሚነፋ ከሆነ ጋዙ ያፈስሳል ማለት ነው።

ወረፋው ከአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ይውጣ። ገዢው ዋጋውን ከሩቅ አንብቦ፣ መጀመሪያ ከፍሎ፣ ከዚያ ምግቡ ሲጨለፍለት እያየ ሄዶ በመጨረሻ ሰሃኑን ይቀበል። ገንዘብ የሚነካ ሰው ምግብ አይንካ። ሰሌዳው ላይ የምግቡ ስም፣ ከምን እንደተሠራ፣ ማቃጠል አለማቃጠሉና ዋጋው ብቻ በትልቁ ይጻፍ። ለሚያመነታ ሰው አልጫውን በትንሽ ማንኪያ ማቅመስ ከረጅም ገለጻ የበለጠ ይሠራል።

ስናፕ በሚባለው የመንግሥት የምግብ ድጋፍ ትኩስ ተዘጋጅቶ የሚበላ ምግብ መግዛት አይቻልም፤ የታሸገ እንጀራ፣ በርበሬና ሽሮ ዱቄት ግን ይቻላል። ገበያው ይህን ክፍያ የሚቀበልበትን መንገድ አስተዳዳሪውን ይጠይቁ፤ በዚህ ድጋፍ የሚኖሩ ቤተሰቦችን ወደ መደቡ ለማምጣት ጥሩ መንገድ ነው።

ሒሳቡ

የሚከተለው ስሌት አሠራሩን ለማሳየት የቀረበ ምሳሌ ነው፤ ቁጥሮቹን በራስዎ ደረሰኝ ይተኩ። አንድ ሰሃን በ14 ዶላር ይሸጣል እንበል። ለጥሬ ዕቃው 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም፣ ለማሸጊያው 80 ሳንቲም፣ ለገበያው ከሽያጩ 10 በመቶ ማለትም 1 ዶላር ከ40፣ ለካርድ ክፍያው 3 በመቶ ማለትም 42 ሳንቲም ይወጣል። የሚቀረው 8 ዶላር ከ18 ሳንቲም ነው። ከዚህ ሌላ ሰሃን ቢሸጥም ባይሸጥም የሚከፈል አለ፦ ወጥ ቤቱ በሰዓት 25 ዶላር ለ6 ሰዓት 150፣ ጋዝ 20፣ ለመኪናው ነዳጅ 25፣ በረዶ 10፣ የቀኑ የኢንሹራንስ ድርሻ 15፣ በድምሩ 220 ዶላር። 220 ለ8.18 ሲካፈል ወደ 27 ይመጣል፤ የመጀመሪያዎቹ 27 ሰሃኖች ወጪውን ብቻ የሚሸፍኑ ናቸው ማለት ነው።

60 ሰሃን ከተሸጠ የሚተርፈው 270 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ ወረፋ ሲያስተናግድ ውሎ በካዝናው 840 ዶላር ሲያይ ደስ ይለዋል። ሆኖም ባልና ሚስት ዓርብ 6 ሰዓት፣ ቅዳሜ ከመጫን እስከ ማጠብ 8 ሰዓት ከሠሩ ሁለቱ በድምሩ 28 ሰዓት ሠርተዋል፤ 270.80 ለ28 ሲካፈል በሰዓት 9 ዶላር ከ67 ሳንቲም ነው። በሜሪላንድ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው። በእኩል ሰዓትና ጉልበት 100 ሰሃን ቢሸጥ ደግሞ የሚተርፈው 598 ዶላር፣ በሰዓትም 21 ዶላር ከ36 ሳንቲም ይሆናል። በእነዚህ በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው ልዩነት 40 ሰሃን ብቻ ነው።

የባሰው ለ100 ሰው አብስሎ 60 መሸጥ ነው። የተረፈው የ40 ሰሃን ጥሬ ዕቃ 128 ዶላር ከትርፉ ላይ ይቀነስና 142 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይቀራል፤ ይህም በሰዓት 5 ዶላር ከ10 ሳንቲም ነው። ስለዚህ በየገበያው ቀን የአየሩን ሁኔታ፣ የተሸጠውን ሰሃን፣ እያንዳንዱ ወጥ ያለቀበትን ሰዓትና የተረፈውን መጠን በደብተር ይጻፉ። አንድ ወር ሙሉ ከተጻፈ በኋላ ምን ያህል ማብሰል እንደሚገባ ደብተሩ ይነግርዎታል፤ ዝናብ ሲተነበይ ደግሞ ወጡን ቀንሶ በማይበላሹት፣ ማለትም በታሸጉት በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ማካካስ ይቻላል። እነዚህ የሚታሸጉት ስማቸው፣ የገቡባቸው ነገሮች፣ የተጣራ ክብደታቸው፣ የአዘጋጁ ስምና አድራሻ እንዲሁም የአለርጂ ማስታወቂያው ተጽፎባቸው ነው።

ከገበሬዎቹ ጋር ጥሩ ጉርብትና ይመሥርቱ። በመዝጊያው ሰዓት የቀረ ጎመን በምሳ ሰሃን መለዋወጥ በብዙ ገበያ የተለመደና ደስ የሚል ነገር ነው፤ በአሜሪካ የግብር ሕግ ግን በልውውጥ የተገኘ ዕቃም እንደ ገቢ ስለሚቆጠር ዋጋውን በደብተሩ ያስፍሩት።

ቤተሰቡ

መደቡ የቤተሰብ ነው ሲባል ሥራው የሁሉም፣ ኃላፊነቱም የማንም እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንድ ሰው የወጥ ቤቱ ኃላፊ፣ አንድ ሰው የገንዘቡና የወረቀቱ ኃላፊ ይሁን፤ በገበያው ቀን የመጨረሻውን ቃል የሚናገረውም አስቀድሞ ይታወቅ። ገዢ ፊት ስለ ጨው መከራከር መደቡን ያስንቃል።

በብዙ ቤት እንጀራውን የምትጋግረው እናት ወይም አማት ናት። እሷ ክፍያ አትጠይቅም፤ ብትጠየቅም «ለልጆቼ ብዬ ነው» ትላለች። ይህ ፍቅር እንጂ ነጻ ጉልበት አይደለም። በሒሳቡ ደብተር ላይ የእሷ ሰዓት ይጻፍ፣ በየወሩ መጨረሻም በክብር ይከፈላት፤ ገንዘቡን ለሀገር ቤት ዘመድ ብትልከውም ለቤተ ክርስቲያን ብትሰጠውም ምርጫው የራሷ ነው። ይህ ለደግነት ብቻ የሚደረግ ነው ብለው አያስቡ። እሷ አንድ ቀን ቢደክማት እንጀራውን ከሌላ ጋጋሪ መግዛት ግድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የአንድ ሰሃን ወጪ ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ ያላሰላ ቤተሰብ ዋጋውን በድንገት ሲጨምር ገዢው ይሸሻል። ስለዚህ ዋጋውን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ እንጀራውን ከውጭ እንደሚገዙ አድርገው ይተምኑ። ከተንበረከከችበትም ያንሷት፤ ምጣዱን በቁመቷ ልክ በጠረጴዛ ላይ ያድርጉላት፣ የሊጡን ባልዲ የሚያነሳላት ጎልማሳ ይመደብላት።

ወላጆች ብቻቸውን በያዙት ንግድ ልጆቻቸውን ማሠራት የፌዴራሉ ሕግ አደገኛ ያልሆነ ሥራ እስከሆነ ድረስ ይፈቅዳል። ንግዱ የወላጆች የግል ንግድ ሆኖ ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ፣ በሚከፈለው ደመወዝ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ግብር አይጣልበትም፤ ኩባንያ አቋቁመው የሚሠሩ ከሆነ ግን ይህ ሊለወጥ ስለሚችል የግብር ባለሙያ ያማክሩ። ልጆች ገንዘብ መቀበል፣ ሰሌዳ መጻፍ፣ የሙቀት መዝገብ መያዝና እንግዳ ማስተናገድ ይችላሉ፤ እንግሊዝኛቸው ከእኛ የቀና ስለሆነ ገዢውም ደስ ብሎት ያናግራቸዋል። ከጋዝና ከፈላ ነገር ግን ያርቋቸው። በወር አንድ ቅዳሜ ሙሉ ዕረፍት ስጧቸው፤ ጓደኛቸው ልደት ሲያከብር ሁልጊዜ ድንኳን ሥር የሚቆም ልጅ ሥራውን ይጠላል፣ አብሮም ምግባችንን ይጠላል።

ገበያው በተዘጋ ማግስት ማታ ደብተሩን ይዘው ለግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። የተሸጠውና የቀረው፣ የሠራው ሰውና ሰዓቱ፣ የተበላሸው ነገር ይነገር፤ የእያንዳንዱም ክፍያ በዚያው ይወሰን። በትርፉ ላይ የሚመጣውን የገቢ ግብር ለመክፈል የተወሰነ እጅ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ በየሩብ ዓመቱ የሚከፈለው ግምታዊ ግብር ሲደርስ ከወጥ ቤቱ ኪራይ ላይ እንዳይወሰድ ነው።

ኅዳር ላይ አብዛኞቹ ገበያዎች ሲዘጉ፣ በክረምት የሚቀጥል ገበያ ውስጥ መግባት ይሻላል ወይስ ማረፍ የሚለውን በዚያው ደብተር ይወስኑ። በሰዓት የሚቀረው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ፣ ለእናትም ጭምር፣ ቢያንስ የግዛቱን ዝቅተኛ ክፍያ ካልደረሰ ሁለተኛ ገበያ መጨመር ድካሙን በእጥፍ ማሳደግ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ በአንዱ ገበያ የሚሸጠውን ሰሃን ቁጥር ማሳደግ፣ ወይም የወጥ ቤቱን ሰዓት ማሳጠር፣ ወይም ዋጋውን በ1 ዶላር ከፍ ማድረግ ይሞከር። ለሚቀጥለው ዓመት የሚቀርበው ማመልከቻ፣ የኢንሹራንሱ እድሳትና የጤና ቢሮው ፈቃድ የሚያበቃበት ቀን በአንድ ወረቀት ተጽፎ በወጥ ቤቱ ኃላፊና በገንዘብ ያዡ እጅ ይሁን።